ነዳጅ ሲሰጡት የሚጮኽ መኪና፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በደብረ ብርሃን ሲሆን በቶዮታ ኮሮላ መኪናዬ ለሥራ በየሳምንቱ ወደ ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ከሞተሩ በኩል ኃይለኛ ድምፅ ይሰማኛል። ጠዋት ሳስነሳው «ተክ ተክ» ይላል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን ስወጣ ግን ይብሳል። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ይጠፋል። ጋራዥ ወስጄው ካንዴላና ፊልትሮ ቢቀየርለትም ለውጥ አላየሁም። አሁን ደግሞ «ሞተሩ ይውረድ» እየተባልኩ ነውና ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ሞተሩን ለማውረድ አይቸኩሉ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች በአንድነት ሲታዩ ከሁሉ በፊት የሚያስጠረጥሩት የጭስ ማምለጥን ነው፤ ይህም ማለት በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክዳን) እና ኮሌክተር በሚባለው የጭስ መሰብሰቢያ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ወይም ኮሌክተሩ ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ጭሱ በየፍንዳታው እየተቆራረጠ ያመልጣል፣ እርስዎም «ተክ ተክ» ሲል ይሰሙታል፤ ሲሞቅ ደግሞ ብረቱ ተለጥጦ ክፍተቱን በከፊል ስለሚዘጋው ድምፁ ይቀንሳል። ነዳጅ ሲሰጡት የሚወጣው ጭስ መጠኑም ግፊቱም ስለሚጨምር እንደገና ይጮኻል።

ጣርማበር ላይ የሚብስበትም ምክንያት አለው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ጣርማበር ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጠው ለረጅም ጊዜ ይወጣሉ፣ ሜዳ ላይ ተሸፍኖ የኖረውም ብልሽት ይገለጣል። በጣርማበር የመንገድ ዋሻ ውስጥ ሲያልፉ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ይበልጥ ቢያስደነግጥዎ ችግሩ በዚያች ቅጽበት ተባብሷል ማለት አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናው ሌሊቱን አድሮ ፍጹም በቀዘቀዘበት ጠዋት፣ ደጅ ላይ አቁመው ኮፈኑን ይክፈቱና ሌላ ሰው ያስነሳልዎ። በኮሌክተሩ ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለ ጭሱ በዚያ እያመለጠ ነው። ካልታየ ረዳትዎ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አፈን ያድርገው፤ የሚያመልጥ ቦታ ካለ ከፊት በኩል ሲያፏጭ ይሰማል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፦ ይህን ምርመራ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያድርጉ፤ ብልሽቱም እስኪጠገን መስኮት ዘግተው አይንዱ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ሰውንም ይገድላል። በእኛ አገር ብርድ ሁሉም መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ስለሚሄድ አደጋው ይከፋል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ወዲያውኑ አቁመው ከመኪናው ይውጡ።

ጥገናው ጓርኒሲዮኑን መቀየር ነው። የኮሌክተሩ ፊት መጣመም አለመጣመሙ በቀጥ ያለ ብረት ይለካ፤ ዳዶዎቹም ከመሐል ወደ ዳር በእኩል ይጥበቁ። የዛጉት ቡሎኖች ሲፈቱ እንዳይሰበሩ በዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቢጠጡ መልካም ነው። የተሰነጠቀ የብረት ኮሌክተር ቢበየድም ብዙ ጊዜ ዳግም ስለሚሰነጠቅ መቀየሩን እመርጣለሁ፤ የማርሚታ ቧንቧ ግን በብየዳ ይድናል። መካኒኩ ምንም ነገር ከመፍታቱ በፊት የሚያመልጥበትን ቦታ በዓይንዎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ጭስ የማያመልጥ ሆኖ ከተገኘ፣ መኪናውን አቁመው በባዶ ማርሽ ነዳጅ ይስጡት። ቆሞ ሳለ የሚጮኽ ከሆነ ነገሩ ከሞተሩ ወይም ከማርሚታው ነው፤ የላላ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ይንጫጫል፣ የተፈታ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ይንቀጫቀጫል። ሲሄድ ብቻ የሚሰማና ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ጉምጉምታ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ይታይ፤ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ሲቪ ጆይንት (ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ) ነው። ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስተው መውጣት ሲጀምሩ ከበረታና ከፍታው ሲጨምር ከቀነሰ ግን፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ነው። ያን ጊዜ ማርሽ ቀንሰው ነዳጁን ያለዝቡ፤ የራዲያተሩን ውኃና የቤንዚኑንም ጥራት ያስመርምሩ፣ ፒስተን የሚበሳ ብልሽት ነውና አይናቁት።

ጥያቄ፦ ከመንዝ መሐል ሜዳ ነው የምጽፍላችሁ። ፒክአፕ መኪናዬ ከቆመበት ሲነሳና ማርሽ ስቀይር ከሥር «ቋ» ይላል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ክሮቼራውን (የዘንጉን መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ይመልከቱ። ሞተሩን አጥፍተው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ካስደገፉ በኋላ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለጎማዎቹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል) የሚሄደውን ዘንግ በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። መገጣጠሚያው ላይ ጨዋታ ካለ ወይም በዙሪያው ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ፣ ግራሶ ማስገባት አያድነውም፣ ይቀየር። እስኪቀየርም ጭነት አይጫኑበት፤ ዘንጉ መንገድ ላይ ከወደቀ መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል።