የሽንኩርት ሴል ፈልገሽ ክብ ጥቁር ነገር ላገኘሽው

«በማይክሮስኮፕ ያየሁት ክብ፣ ጠርዙ የጠቆረ ነገር ሴል ነው ወይ?» ብለሻል። የአየር አረፋ ነው እህቴ። ሁላችንንም ሸውዶናል። እኔማ ደብተሬ ላይ ተጠንቅቄ ስዬው አስተማሪው ሳቀብኝ።

የሽንኩርት ሴል እንደ ጡብ ግድግዳ ተደርድሮ ነው የሚታየው። ከሽንኩርቱ የውስጥ ክፍል ስሱን ሽፋን ብቻ ላጪ። ውሃ ጠብታ ላይ ሳይታጠፍ አንጥፊው፤ ሴሉ ቀለም ይዞ በደንብ እንዲታይ ትንሽ አዮዲን ጨምሪበት። መሸፈኛዋን ስስ መስታወት ዝም ብለሽ አትጣያት! በአንድ ጎኗ አስነክተሽ በመርፌ ደግፈሽ ቀስ እያልሽ አውርጃት። አረፋው የሚገባው እዚች ጋ ነው።

በ40 እጥፍ ጀምረሽ ወደ 100 ሂጂ። ኒውክለሱን (የሴሉን ሥራ የሚመራውን ክፍል) ቡናማ ነጥብ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ጥግ ይዞ ታገኚዋለሽ። ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ ቅንጣት) ግን አትፈልጊ፤ ያ የሽንኩርቱ ክፍል ብርሃን ስለማያገኝ የለውም።