ቢጫ ሆኖ አላብብ ያለ ሰማያዊ ሳልቪያ

ሰላም እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር በረንዳሽ ላይ ያለው ሰማያዊ ሳልቪያ የተባለው የአበባ ተክል ጠዋት ማታ እያጠጣሽው ቀትር ላይ እንደሚጠወልግ፣ ቢጫ እንደሆነና እንደማያብብ ጠይቀሻል። ዋናው ጥርጣሬዬ ውሃ በዝቶበታል የሚል ነው። ቀትር ላይ ጠውልጎ አመሻሽ ላይ ቀና ካለ የድሬ ሙቀት ነው፤ አታጠጪው። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኘሽው ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ። እስከ 3 ሳንቲሜትር ድረስ ከደረቀ ከሥር እስኪፈስ አጠጪ። አፈሩ ረጥቦ ተክሉ ከጠወለገ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ አውጪውና ቡናማ ሆኖ የላላውን ሥር ቆርጠሽ በአዲስ አፈር ትከይው።

ለአዲሱ አፈር 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪ። ፖቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። ከሥሩ ጠጠር መደርደር ውሃ አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ቀዳዳ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሥር ይቀቅላል፣ የሸክላ ይሻላል።

ቢጫውንም ለይተሽ እዪው። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ከሆኑ ብዙ ጊዜ የውሃ ብዛት ወይም የናይትሮጅን እጥረት ነው። ከላይ ያሉት ለጋዎቹ ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከቀረ ግን ኖራ የበዛበት ውሃ ተክሉን የብረት (አይረን) ንጥረ ነገር እንዳይወስድ ከልክሎታል፤ ፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ታያለሽ። በወር አንዴ ብዙ ውሃ አፍስሰሽ እጠቢው፣ በክረምት የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ፣ አይረን ኪሌት የተባለው ማዳበሪያም ይረዳል።

ላለማበቡ ጥላና ዩሪያ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ዩሪያ ሲበዛ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ያረጀውን የአበባ ዘንግ ከቀጣዩ ጥንድ ቅጠል በላይ ቁረጪ። አበባው ሲያልቅ ሲሶውን ግረዢው፤ ቅጠል እስከሌለው እንጨት ድረስ ግን አትውረጂ፣ ላያቆጠቁጥ ይችላል።

ከሰማያዊ ሳልቪያ ዓይነቶች የቴክሳስና የሜክሲኮው ፋሪናሲያ ለድሬ ሙቀት ይስማማል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጓራኒቲካ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ውሃና የከሰዓት ጥላ ይወዳል፤ ለሐረር አየር የተሻለ ነው። የጥብስ ቅጠላችንም በ2017 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ምደባ ወደ ሳልቪያ ወገን ተዛውሯል፤ ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው።

ለማባዛት 10 ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝም ያላበበ ለጋ ጫፍ ከአንጓው (ቅጠሉ ከሚወጣበት ቦታ) ሥር ቆርጠሽ የታችኛውን ቅጠል አንሺ። በአሸዋና ብስባሽ እኩል ድብልቅ ውስጥ ተክለሽ ቂጡ በተቆረጠ ሃይላንድ ሸፍኚው። ክዳኑን ክፈቺ፣ ጥላ ሥር አድርጊው። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ቀስ ብለሽ ስትስቢው የማይነቀል ከሆነ ሥር ይዟል።