የተሰወረ ፋይልና የተረሳ የይለፍ ቃል፦ ከወሎ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ደሴ ውስጥ በኮምፒዩተር ጥገና ሥራ ላይ እገኛለሁ። «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ የሚመጣ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያባክነው ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ተሰውሮ ይሁን ተቆልፎ ሳይለይ ስለሚጣደፍ ነው። የተሰወረ ፋይል እንዲታይ እስኪታዘዝ ድረስ ብቻ የሚደበቅ ሲሆን፣ በምስጠራ የተቆለፈው ግን ፊት ለፊት እያዩት የማይነበብ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የምመልሰው ይህንን ልዩነት ይዤ ነው።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ሟቹ አባቴ ያወጧቸው የነበሩ መንዙማዎች የተቀዱበት ፍላሽ አለኝ። አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰክቶ ከተመለሰ ወዲህ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት አውጥተዋል፤ አይከፈቱም። «ፎርማት ይደረግ» ተብያለሁ።

መልስ፦ አብሽሩ፤ ፎርማት ግን (ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነውና) እንዳያስደርጉት። ቀስት ያለባቸው ነገሮች ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በቦታቸው ያስቀመጣቸው ሾርትከቶች፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመሩ አቋራጮች ናቸው፤ በተጫኗቸው ቁጥርም ቫይረሱን ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባሉ። ፍላሹን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲከፍቱ የተያዘው ቦታ እንደ ቀድሞው ከሆነ፣ የአባትዎ ድምፅ እዚያው አለ ማለት ነው።

በቅድሚያ በታደሰ ጸረ ቫይረስ ያስፈትሹት። ቀጥሎ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚባለውን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን የዊንዶውስ መስኮት ከፍተው ኮምፒዩተሩ ለፍላሹ የሰጠውን ፊደል ከሁለት ነጥብ ጋር (ለምሳሌ E:) ይጻፉና «ኢንተር» ይበሉ፤ ከዚያም «አትሪብ -ኤች -ኤስ -አር *.* /ኤስ /ዲ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ክፍተቶቹን ሳይዘነጉ ይጻፉ። ከፊት ያሉት ኤች መደበቅን፣ ኤስ የሲስተም ፋይል መሆንን፣ አር ለንባብ ብቻ መሆንን ያመለክታሉ፤ የመቀነስ ምልክቱ ሦስቱንም ያነሳቸዋል። ብዙዎች ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ብቻ አብርተው ምንም ሳያዩ ተስፋ የሚቆርጡት፣ ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው ነው። ትእዛዙ ሲያበቃ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ቢል አይደንግጡ፤ አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ነገር እዚያ ውስጥ ያጭቀዋልና ይክፈቱት። ቅጂዎቹ እንደተገኙ በዕለቱ ሌላ ሁለት ቦታ ይገልብጧቸው።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ፦ «የሥራ ልምድ» ብዬ ያስቀመጥሁትን ደብዳቤ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይለኛል። የጻፍሁት በጥቅምት 2015 እንደነበር አስታውሳለሁ።

መልስ፦ ለእኛ ጆሮ «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለቱ ፊደላት እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ሲያስቀምጡ የትኛውን እንደጻፉ እርግጠኛ ካልሆኑ፣ አጻጻፉ በማያሻማው «ልምድ» በሚለው ቃል ብቻ ይፈልጉ። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል፤ ኮምፒዩተሩ የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ የእርስዎ ጥቅምት 2015 እርሱ ዘንድ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር 2022 ነው። ሰነዱ ከቆዩት የግዕዝ ፎንቶች በአንዱ የተጻፈ ከሆነም ለዓይን ግዕዝ ቢመስልም ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን ነው፤ በዚህ ጊዜ በውስጡ ባለ ቃል መፈለግ ከንቱ ድካም ነውና በፋይሉ ስምና በቀኑ ብቻ ይፈልጉት።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ የማኅበራችን ሒሳብ ያለበት የኤክሴል ፋይል የይለፍ ቃሉ ተረስቷል። አንድ ሰው ቅድሚያ ክፍያ ከተሰጠው እንደሚከፍተው ነግሮናል።

መልስ፦ ፋይሉ ይከፈታል? የሚከፈትና ማስተካከል የሚከለክለው ገጹ ብቻ ከሆነ፣ ያ የገጽ ጥበቃ እንጂ ምስጠራ ስላልሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ገና ሲከፈት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ግን፣ ከኦፊስ 2007 ወዲህ ፋይሉ ኤኢኤስ በሚባለው ጠንካራ ስልት ስለሚመሰጠር ትክክለኛውን ቃል ከመገመት በቀር መንገድ የለም። ቃሉ ረጅም ከነበረ የሚገምተው ፕሮግራም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ቅድሚያ አትክፈሉ። ከዚህ ይልቅ ቃሉን ያስቀመጠውን ሰው በለመደው ኪቦርድ ላይ አስቀምጣችሁ አስሞክሩት፤ አእምሮ የረሳውን ጣት የሚያስታውስበት ጊዜ አለ። ሲጽፍ ነጥቦቹን ቁጠሩ፦ ሁለት ቁልፍ ተነክቶ አንድ ነጥብ ብቻ ከታየ የአማርኛው ኪቦርድ በርቷል ማለት ነው፤ ቃሉም መጀመሪያ የተቀመጠው እንዲሁ በአማርኛ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም መሞከር ይገባል።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ የቤታችን የዋይፋይ ቃል ጠፍቶናል፤ አንዱ ላፕቶፕ ግን አሁንም ይሠራል።

መልስ፦ በዚያው ላፕቶፕ «ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር» ውስጥ የዋይፋዩን ስም ይጫኑ፤ «ዋየርለስ ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ሴኩሪቲ» ከሚለው ገብተው «ሾው ካራክተርስ» የሚለውን ሲያበሩ ይታያል።

ጥያቄ፦ የእጮኛዬን ስልክ ሳታውቅ ለመክፈት የሚረዳ ነገር አለ?

መልስ፦ በዚህ ልረዳህ አልችልም፣ ወንድሜ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መክፈት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ እርሷንም ይጎዳታል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሆጤ፦ በ2014 በጦርነቱ ከተማውን ለቀን ስንወጣ ላፕቶፑን ደብቀነው ሄድን። ስንመለስ አገኘነው፤ የመግቢያውን ቃል ግን ማንም አያስታውሰውም። የልጆቹ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው።

መልስ፦ እንኳንም በሰላም ተመለሳችሁ። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ከስማችሁ በታች ኢሜይል መኖሩን እዩ፤ ካለ የማይክሮሶፍት አካውንት ስለሆነ ቃሉን በሌላ ስልክ ከኢንተርኔት መቀየር ይቻላል። ከሌለና ዊንዶውሱ 10 ወይም 11 ከሆነ፣ የተሳሳተ ቃል ስታስገቡ «ሪሴት ፓስወርድ» የሚል ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል፤ ሲጫኑትም ቀድሞ የተመዘገቡ የምስጢር ጥያቄዎችን ያቀርባል።

ይህም ካልሆነ የመግቢያው ቃል የሚጠብቀው በሩን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን አስቡ። ዲስኩ ካልተመሰጠረ ባለሙያ አውጥቶት በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካውና ፎቶዎቹን ይገለብጣል። ሲሰካ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ከጠየቀ ግን ቢትሎከር የሚባለው ምስጠራ አለበት፤ ቁጥሩ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ሲዘጋጅ በተጠቀማችሁበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል የቤተሰቡን ኢሜይሎች በሙሉ ፈትሹ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ የሚጫነው ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ ተገልብጠው፣ አንድ በአንድ ተከፍተው ከታዩ በኋላ ብቻ ይሁን።