ከጉንፋን እስከ ጆሮ መግል፦ ስለ ባክቴሪያ ኢንዛይሞች ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ በሕክምና ላቦራቶሪ ከጆሮ የተወሰደ መግል ስመረምር ዓመታት ስላስቆጠርሁ፣ ስለ መካከለኛው ጆሮ ሕመም የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

የአዘዞ እናት፦ ልጄን ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮው ይመግላል። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

የሚያገናኛቸው ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚዘልቀው ዩስታኪያን ቱቦ ሲሆን፣ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም በመሆኑ ንፍጥ በቀላሉ ይሻገርበታል። ሕመሙን በብዛት የሚያመጡት ኒሞኮከስ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜና ሞራክሴላ ካታራሊስ የተባሉት ባክቴሪያዎች በጤናማ ልጅ አፍንጫ ጀርባም ይኖራሉ፤ ጉንፋን ቱቦውን አሳብጦ ሲዘጋው ግን ወደ ጆሮ ዘልቀው ይራባሉ።

የላቦራቶሪ ተማሪ፦ የእነዚህ ባክቴሪያዎች ኢንዛይሞች፣ ማለትም ሌሎች ነገሮችን የሚቆርጡት ፕሮቲኖቻቸው፣ በትክክል ምን ይሠራሉ?

የቱቦው ግድግዳ በንፍጥ የተሸፈነ ነው፤ በንፍጡ ፕሮቲኖችና በሴሎቹ ገጽ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች ያሉ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ጫፍ ሲያሊክ አሲድ የተባለ የስኳር ዓይነት ነው። ኒሞኮከስ ኒውራሚኒዴዝ በተባለው ኢንዛይሙ ይህን ጫፍ ሲቆርጠው ከሥሩ ያሉት ስኳሮች ይጋለጡና መጣበቂያ ይሆኑታል፤ የተቆረጠውንም ይመገበዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም የራሱ ኒውራሚኒዴዝ ስላለው፣ ለባክቴሪያው መንገዱን አስቀድሞ ይጠርግለታል። ኒሞኮከስና ሄሞፊለስ ደግሞ በንፍጥ ውስጥ የሚጠብቀንን አይጂኤ1 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል መሀል ለመሀል የሚበጥስ ፕሮቴዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) አላቸው። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ ግን የኒሞኮከስ አውቶሊሲን ነው፤ ይህ ኢንዛይም የባክቴሪያውን የራሱን ግድግዳ አፍርሶ፣ ኒሞሊሲን የተባለው መርዝ ወጥቶ የጆሮውን ሴሎች እንዲበሳ ያደርጋል።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፦ አሞክሳሲሊን ለአንዱ ልጅ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራው ስለ ምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ቤታ ላክታሜዝ የተባለው፣ የመድኃኒቱን ዋና ቀለበት የሚሰብረው ኢንዛይም ነው። ሞራክሴላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ፣ ሄሞፊለስም ብዙ ጊዜ ያመነጩታል፤ ኦግመንቲን በተባለው መድኃኒት ውስጥ ከአሞክሳሲሊን ጋር ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረውም ይህንኑ ኢንዛይም ለማሰር ነው። ኒሞኮከስ ግን ቤታ ላክታሜዝ የለውም፤ መድኃኒቱን የሚቋቋመው መድኃኒቱ የሚያርፍባቸውን ፕሮቲኖች በመለወጥ ስለሆነ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚረዳው ክላቩላኒክ አሲድ ሳይሆን ከፍ ያለ የአሞክሳሲሊን መጠን ነው። ሁለቱ በአንድ ጆሮ ሲገናኙ ደግሞ የሞራክሴላ ኢንዛይም በዙሪያው ያለውን መድኃኒት አፍርሶ ጎረቤቱን ኒሞኮከስ ሊከልልለት ይችላል። ስለዚህ ከታላቅ ወንድሙ የተረፈውን ሽሮፕ ለታናሹ መስጠት ተገቢ አይደለም።

አንድ አባት፦ ልጄ ክትባቱን ጨርሷል። ታዲያ እንዴት ታመመ?

በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የኒሞኮከስ ክትባት የሚከላከለው የተወሰኑ ዝርያዎችን ብቻ ነው። በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ያለው የሄሞፊለስ ክትባትም ያነጣጠረው በ«ቢ» ዓይነት ላይ ሲሆን፣ ጆሮን የሚያጠቃው በአብዛኛው ክትባቱ የሚለየው ሽፋን የሌለው ዝርያ ነው።

ወጣት፦ በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ብገባ ጆሮዬ ይመግላል?

የጆሮ ታምቡርዎ ካልተቀደደ ውኃው ወደ መካከለኛው ጆሮ አይደርስም። ከተቀደደ አይግቡ።

አንዲት አያት፦ የጤና አዳም ጭማቂና ለብ ያለ ቅቤ ብናንጠባጥብለትስ?

እባክዎ እማማ፣ ይተዉት። ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ የሚንጠባጠበው ሁሉ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። በተለይ መግሉ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ በጆሮው ውስጥ የሚገኘው የባክቴሪያ ዓይነት ራሱ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሱዶሞናስ የጆሮውን ሕብረ ሕዋስ ኤላስቴዝ በተባለ ኢንዛይሙ እየበላ የሚኖር፣ አሞክሳሲሊን ፈጽሞ የማይነካው ተሕዋስ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ እዚያ የሚታዘዘው እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ ሲሆን፣ ጠብታው መግሉን አልፎ እንዲደርስ አስቀድሞ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ጆሮውን ማድረቅ ያስፈልጋል።