ወደ ቺያንግ ራይ ከመብረርሽ በፊት

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምኖር የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምማረው የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነው። ሰሜን ታይላንድ ውስጥ፣ ቺያንግ ራይ አካባቢ፣ በተራራ ላይ ለሚኖሩ ብሔረሰቦች ልጆች እንግሊዝኛ የማስተማር የሁለት ሳምንት የበጎ ፈቃድ ጉዞ አግኝቻለሁ። ወጪው በራሴ ነው። ለሥራ ፍለጋዬ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ወደነዚያ ልጆች መሄዱ በጣም ደስ ይላል። ይህን ፍላጎት እንዳትተዪው። የሁለት ሳምንቱን ጉዞ ግን አልመክርሽም።

እስቲ ክፍሉን አስቢው። አካ ከሚባለው የተራራ ብሔረሰብ የተወለደ አንድ ልጅ ቤቱ የሚያወራው በአካ ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ሁሉም ነገር በታይኛ ይሆንበታል። አንቺ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋ ይዘሽ ትመጫለሽ። የልጆቹን ስም በደንብ ሳትይዢ መመለሻሽ ይደርሳል። ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንደገና ከቀለማትና ከእንስሳት ስም ይጀምራል። መምህራቸው በዚህ መሀል ያቀደውን ትምህርት አቋርጦ ዳር ቆሞ ያያል። ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው የሚቆየው እሱ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ፕሮግራም ስታዪ መጀመሪያ ጠይቂ፦ መምህሩን ያግዛል ወይስ ይተካዋል?

የልጆቹ ችግር እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ከአካ፣ ከላሁ፣ ከካረንና ከሌሎቹም ብሔረሰቦች ብዙ ሰው ዜግነት ሳይኖረው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ቺያንግ ራይ፣ ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ ጎርፍ የዘጋባቸውን 12 ልጆችና አሠልጣኛቸውን ታስታውሺ ይሆናል። ሦስቱ ልጆችና አሠልጣኙ አገር አልባ ነበሩ፤ ዜግነት ያገኙት ከዋሻው ከወጡ በኋላ ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ እንዲማር መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ፈቅዷል። በ2024 ደግሞ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የቋሚ መኖሪያና የዜግነት ሂደቱን ለማፋጠን ወስኗል። ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ፎርም የሚሞላላቸው፣ ቢሮ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ቤተሰቦችን በዚህ የሚረዳ የአካባቢው ድርጅት ካገኘሽ፣ ለጉዞው ያሰብሽውን ገንዘብ ለእሱ ብትሰጪ ይሻላል።

ስለ ፈቃድም ልንገርሽ። ታይላንድ ውስጥ ደመወዝ ለሌለው የበጎ ፈቃድ ሥራም ቢሆን የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። «በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ ችግር የለውም» የሚልሽን ድርጅት ተዪው። የወንጀል ሪከርድሽን ሳያጣራ ልጆች ፊት የሚያቆምሽንም እንደዚሁ። የሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ካለበት ደግሞ ጭራሽ አትሂጂ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ውስጥ ወላጅ እያላቸው የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ የጎብኚ ገንዘብ ከቤተሰባቸው እንዲርቁ ምክንያት ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራሽ እንምጣ። አንቺ የሚያስፈልግሽ ችሎታ በቤቱ የማይነገር ቋንቋ የሚማር ልጅን ማስተማር ነው። ይህን እዚያው ሜሪላንድ ትለማመጃለሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤታቸው አማርኛ የሚነገር ስንት ተማሪዎች አሉ! አማርኛሽ እዚያ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሄደሽ የኢሶል (እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) መምህሯን «በሳምንት አንድ ቀን ላግዝሽ» በያት። አንድ ልጅ ይዘሽ ዓመቱን ሙሉ ተከታተዪው። ቀጣሪ የሚያየው ይህን ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለዚያ ልጅ የምታወሪው ነገር ይኖርሻል። የኢሶል የማስተማር ፈቃድም ጨምሪበት።

ከዚያ በኋላም ልብሽ ታይላንድ ከሆነ፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆንሽ የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ለሆነው ለፒስ ኮር አመልክቺ። ኢትዮጵያም ታይላንድም በጎ ፈቃደኞቹን መቀበል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ቤተሰብሽ ውስጥ በፒስ ኮር መምህር የተማረ ሰው አይጠፋም፣ ጠይቂያቸው። አገልግሎቱ 27 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለቋንቋና ለሥልጠና ናቸው። አትከፍዪም፤ መኖሪያና የኪስ ገንዘብ ይሰጥሻል። ዜጋ ካልሆንሽ የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች ምደባ አለው፤ እሱም አበል ይከፍላል።

27 ወር ረጅም ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ለማግኘት አንድ ሙሉ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው። ስታመለክቺ የማስተማር ልምድሽን ይጠይቁሻል። ስለዚህ የኢሶሉን ሥራ በዚህ ሴሚስተር ጀምሪ።