ከጀርመን የመጣው ነጭ ፍሬና የእናቴ ደም ብዛት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ደም ብዛት ስላለባት አምሎዲፒን ትወስድ ነበር። ጉልበቷንም ያማታል፤ ሰግዳ መነሳት ያቅታታል። ጀርመን ያለችው እህቴ ሆሚዮፓቲ የሚባል መድኃኒት፣ የሚጣፍጥ ትንንሽ ነጭ ፍሬ ላከችላት። ጉልበቷ ሲሻላት «ይኼ ከተፈጥሮ ነው፣ ያኛው ኬሚካል ነው» ብላ የግፊቱን ኪኒን ተወችው። እውነት ይሠራል? (ዘ.)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ጊዜው አላለፈም። ግን ከጉልበቱ በፊት ግፊቱን ላስቀድም። ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሰው «ደህና ነኝ» እያለ ከርሞ አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። ልብና ኩላሊትም ውስጥ ውስጡን ይጎዳሉ። የጉልበት መሻል ስለ ግፊቱ ምንም አይናገርም። ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስለኩላቸው። የተውትን ኪኒንም ፍሬውንም ይዘው ይሂዱ።

ሆሚዮፓቲን የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1796። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በጤነኛ ሰው ላይ አንድ ምልክት የሚያመጣ ነገር፣ እጅግ ሲቀጥን ያንኑ ምልክት ያለበትን በሽተኛ ያድናል። እስቲ ጠርሙሱን ያንብቡት። 30 ሲ (30C) የሚል ከሆነ፣ አንድ እጅ መድኃኒት ከ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ጋር ተቀላቅሎ ተንጧል፤ ከዚያ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና ተቀጥኗል። እንዲህ 30 ጊዜ። ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ መገኘቷ ያጠራጥራል። 30ኛው ላይ የለችም ማለት ይቻላል። እናትዎ የሚመጥጡት ስኳር ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ይህን ከዳማከሴና ከጤና አዳም ጋር ያመሳስለዋል። አይገናኙም። ዳማከሴ ተጨምቆ ሲጠጣ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ሆድ ይገባል፤ ይጥቀምም ይጉዳ፣ አለ።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት 176 ጥናቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አሳውቋል፦ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም ሕመም የለም። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከመንግሥት የጤና መድን ወጪውን መሸፈን አቁማለች። እህትዎ «ጀርመን ፋርማሲ ውስጥ ይሸጣል» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ግን እዚያ እንዲህ ያለው ምርት ይህን በሽታ ያድናል ሳይባል ሲመዘገብ የፈውስ ማስረጃ አይጠየቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ለወባ፣ ለቲቢ፣ ለኤችአይቪና ለሕፃናት ተቅማጥ ማንም በሆሚዮፓቲ እንዳይታመን አስጠንቅቋል። ወባ ባለበት በከሚሴ ወይም በቆቦ ዘመድ ካለዎት ይህን አደራ ይንገሩልኝ።

ታዲያ ጉልበታቸው እንዴት ተሻለ? መሻሉን አልጠራጠርም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የመገጣጠሚያ መሸርሸር ነው፤ አንዴ ይብሳል፣ አንዴ ይቀላል። ሰው አዲስ መድኃኒት የሚሞክረው ሲብስበት ነው። ከዚያ ቀለል ሲል ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሆናል። በዚያ ላይ ልጅ ባሕር ማዶ ሆና አስባ የላከችው ነገር ነው። ተስፋ የሕመም ስሜትን በእርግጥ ያስታግሳል። የደም ብዛትን ግን ለእሱ ትቼ አላድርም።

ፍሬውን ከእጃቸው አይንጠቁ። እልህ ይይዛቸውና ኪኒኑን ጭራሽ ይጠሉታል። «ከፈለግሽ ይኼንንም ምጠጪ፣ ኪኒንሽን ግን እንዳትተዪ» ይበሏቸው። ለጉልበቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ለ5 ሰከንድ ያቆዩት፤ በየእግሩ 10 ጊዜ፣ በየቀኑ። የታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ ይፈቀድለታልና በርትተው ይንገሯቸው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ግን ከሱቅ ገዝተው እንዳይሰጧቸው፤ ግፊት ይጨምራሉ።

አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተንተባተበ፣ አንድ ወገን ከሰነፈ ወይም ደረት ከጨነቀ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ይድረሱ።

እህትዎ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይላኩ። እናትዎ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ከቡና በፊት፣ ጠዋትና ማታ ይለኩ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉትና ለሐኪማቸው ያሳዩ።