እጁ ላይ የወጣው ጭርት ነው ወይስ አለርጂ?

እህቴ፣ ወንድምሽ እጅ ላይ ስለወጣው ክብ ክብ ቀይ ነገር «ጭርት ነው ወይስ የምግብ አለርጂ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴን እጅ ያየሁ መሰለኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይሄ ነገር ሦስት ጊዜ ተመላልሶብኛል።

እስቲ ጠይቂልኝ፦ ከሳምንት ወይም ከ10 ቀን በፊት ከንፈሩን ምች መትቶት ነበር?

እኔ አሸዋ ገበያ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ። የድሬን ፀሐይ ታውቂዋለሽ አቦ። ከንፈሬን ምች ይመታኛል፣ ዳማከሴ አሽቼ እቀባለሁ፣ ይደርቃል፣ እረሳዋለሁ። ከንፈሬ ድኖ ሲያበቃ ታዲያ ሁለቱም እጄ ላይ፣ መዳፉም ጀርባውም፣ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣና በሁለት ቀን ሰፍቶ ክብ በክብ ውስጥ ይሆናል፤ መሃሉ ጠቆር፣ ቀጥሎ ገርጣ፣ ጠርዙ ቀይ። መጀመሪያ የጭርት ቅባት ተቀባሁ፤ ምንም። በሁለተኛው ዓሣና እንቁላል ተውኩ፤ አሁንም ምንም። በሦስተኛው አንዲት የቆዳ ሐኪም እጄን ትታ ስለ ከንፈሬ ጠየቀችኝ።

ኤሪቴማ መልቲፎርም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው ያው ከንፈር ላይ ምች የምንለው ሄርፐስ ቫይረስ ነው። ቁስሉ ቢድንም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ይቀሰቅሰዋል። የቫይረሱ ስብርባሪ በደም እጅ ድረስ ይሄድና የሰውነት መከላከያ እሱን አጠፋለሁ ሲል የገዛ ቆዳውን ይጎዳል። ስለዚህ የእጁ አይጋባም። የሚጋባው የከንፈሩ ነው፤ ምች ሲመታው ሕፃን እንዳይስም።

በ2 እስከ 4 ሳምንት በራሱ ይጠፋል። ለእኔ ስለተደጋገመ አሲክሎቪር የሚባል የሄርፐስ መድኃኒት በየቀኑ ለ6 ወር ታዘዘልኝ፤ እጄ ላይ ከወጣ በኋላ መዋጡ ብዙም እንደማይረዳ፣ ጥቅሙ ቀድሞ ለመከላከል እንደሆነ አስረድታኛለች። ሳልና ትኩሳት ካለው ግን ይናገር፣ ማይኮፕላዝማ የሚባል የሳንባ ባክቴሪያም እንዲህ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። አፉ ውስጥ፣ ዓይኑ ወይም ብልቱ ላይ ከቆሰለ፣ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። በቅርቡ አዲስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያ ሌላና ሕይወት የሚቀጥፍ ነገር ሊሆን ይችላል።

የሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ ሊደበዝዝ ስለሚችል እጁን አሁኑኑ ፎቶ አንሺው፤ ከንፈሩ ላይ የቀረ ቅርፊት ካለ እሱንም።